ሽፍታ የሌለበት ሙሽራ

አንለይ ከሙቀት ጋር የተጣላው ገና በልጅነቱ ነው፤ ጠቡን ማን እንደጀመረው ግን እሱም አያውቅም። ከሮጠ፣ ሚጥሚጣ ከቀመሰ፣ ከተናደደ ወይም ቀትር ላይ ጭድ ከተሸከመ አንገቱ ሥር አንድ ነገር ይለበልበዋል። ወዲያው ደረቱ፣ ክንዱ፣ ጀርባው ሁሉ ከምስር በማትበልጥ ቀይ ሽፍታ ችፍ ይላል። ማሳከኩማ ለጉድ ነው። ግድግዳ ላይ ይታከካል፣ ሞፈር ላይ ይታከካል፣ የሚያይ ሰው ከሌለ በሬው ቀንድ ላይም ይታከካል። ከዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ሲል፣ ውኃ የወረደች ሴት እንስራዋን ሞልታ እስክትመለስ ባለው ጊዜ ውስጥ ድራሹ ይጠፋል። እንዲህ ያለ በሽታ ትርፉ ውርደት ነው። ታመምሁ ብለህ ለሰው ልታሳይ ስትሄድ ገላህ እንደ አራስ ልጅ ጠርቶ ይጠብቅሃል፤ ሰውየውም «ሥራ ጠልተህ ነው» ብሎ ይመልስሃል።

ፎገራ ላይ ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ፍጥረት ቢኖር ከብት ብቻ ነው። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ አንዱ ሾላ ሥር ተኝቶ ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይጠየቅ የራሱን ወገብ ሕመም ሲያወራ ዋለ። ቃላቸው የሚጸናው ግን እናት አባቱ ሞተውበት ያሳደጉት አክስቱ፣ እማሆይ አመተ ሥላሴ ናቸው። እማሆይ የሚያውቁት አንድ በሽታና አንድ ቅጠል ነው፤ በሽታው ምች፣ ቅጠሉ ዳማከሴ። ራሱን ያመመው ምች ነው፣ ሆዱን የቆረጠው ምች ነው፣ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ የከረመውም ሰውዬ ቢሆን ቀስ ብሎ ቢመረመር ምች ሳይመታው አልቀረም። መንደራቸው ቁሐር ሚካኤል ውስጥ ዳማከሴ ያልጨመቁበት አፍንጫ የለም።

ዘመኑ ደርግ መሃይምነትን አጠፋለሁ ብሎ በየቀበሌው ደወል የሚያስደውልበት ነበር። አንለይ ከአጎቱ ከቄሱ ዘንድ ዳዊት ደግሞ ነበርና የገበሬ ማኅበሩ «አንተ አስተምር» አለው። እርሻውን እያረሰ፣ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው አዳራሽ ጠመኔ መያዝ ጀመረ። ቆርቆሮው ከላይ ይግላል፣ ሰዉ ከታች ይተፋፈጋል። አንለይ ግን በር በሩን ይዞ፣ አንገቱን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰ፣ ጉዱን ደብቆ ይኖር ነበር፤ ጽጌሬዳ እስክትመጣ ድረስ።

ጽጌሬዳ የአያ ደሴ ልጅ ናት። ፊት ላይ ትቀመጣለች፤ ሌላው «ሀ»ን ከ«ሐ» ሲያምታታ እሷ መጽሐፉን ጨርሳ መስኮት መስኮት ታያለች። ተጠርታ ወደ ሰሌዳው ስትመጣ አንለይ ከአንገቱ ጀምሮ ችፍ ይላል። ጠመኔ በያዘ እጁ እያከከ አንገቱ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ልጅቱ መጀመሪያ ገረማት፣ ቀጥሎ አስተዋለች፣ ከዚያ በኋላማ ጨከነች፤ የምታውቀውንም ፊደል «ጠፋኝ» እያለች ወደ ሰሌዳው ትመላለስ ጀመር። ሌላው ሰው ሲመጣ አንገቱ ደህና ነው፣ እሷ ስትመጣ ይቀላል። ለማንም አልተነፈሰችም። «ሳል ይዞ ስርቆት» እንዲሉ፣ አንለይም ፍቅሩን ደብቄያለሁ ብሎ ነበር።

ሽማግሌ ተላከ። አያ ደሴ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከልጃቸው ቀጥሎ የሚወዱት ከብት የሆነ ሰው ናቸው። ሰውን የሚመርጡትም እንደ ጊደር ነው፤ አረማመዱን፣ ጥርሱን፣ ዘሩን ያያሉ። የአንለይን ዘር እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረው ነውር ሲያጡበት እሺ አሉ። ለፋሲካም ማዕድ እንዲቀርብ ጠሩት።

ጥፋቱ ያለው ማክበራቸው ላይ ነው። አክብረው ምድጃው አጠገብ አስቀመጡት፤ አክብረው አይን የሚያስለቅስ ዶሮ አቀረቡለት፤ አክብረው አረቄ ቀዱለት። በዚህ ሁሉ ላይ እጁን ልታስታጥበው ጽጌሬዳ ማስታጠቢያ ይዛ ፊቱ ቆመች። እሳቱ፣ በርበሬው፣ አረቄውና ልጅቱ ተባብረው መጡበት። አንለይ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ ከግንባሩ በታች ያለው ገላው ሁሉ ቀላ፣ ጉብ ጉብ አለ።

አያ ደሴ ልጃቸውን ወደ ጓዳ አስገቡና ኩራዙን አነሡ። አንገቱ ሥር አስጠጉት፤ ይኸም ሌላ ሙቀት ሆነበት።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ም... ምች ነው፣ አያ ደሴ።»

«ምች አለ እንዴ እንዲህ ያለ! ስማ አንተ ልጅ። አምና አንዲት ላሜ ቆዳዋ እንዲህ ጉብ ጉብ አለና ቀላል ነው ብዬ ተውኋት። መንጋዬን ነው የበከለችው። ጥጃ ጠፋብኝ፣ ወተት ጠፋብኝ። እኔ ያለችኝ ልጅ አንዲት ናት።»

ሰውየው ክፋት የላቸውም፤ አምና የነደደው ጣታቸው ነው የሚናገረው።

«ለሽማግሌ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም» አሉ ኩራዙን አስቀምጠው። «ሠርጉ ለግንቦት መባቻ ይሁን። ዳሱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ አንገትህንና ክንድህን አያለሁ። ንጹሕ ከሆንህ ውሰዳት። አንዲት ሽፍታ ካየሁብህ ግን በቅሎህን አዙረህ ትሄዳለህ። ይኸን ደግሞ ለልጅቱ አታወራም፤ ባንተና በኔ ይቅር።»

አንለይ ያን ዕለት እያከከና እያለቀሰ ቤቱ ገባ። ጽጌሬዳን ከሚያጣ ሁለቱንም በሬዎቹን ቢያጣ ይመርጥ ነበር፤ ለገበሬ ከዚህ የሚበልጥ ቃል የለም።

እማሆይ ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላቸው። የሚታከም ሰው ሲያገኙ ሁልጊዜም ደስ ይላቸዋል። ዳማከሴውን ጨምቀው ገላውን ሁሉ አሹት፣ የቀረውን በሚፋጅ ውኃ በጥብጠው አጠጡት፣ በሁለት ጋቢ ጀቦኑት፣ ከላይ ቁርበት ደረቡበትና ምድጃው አጠገብ አጋደሙት። ይኸ ሁሉ በሚያዝያ ቀትር ነው፤ ውጭ ውሾች እንኳ ምላሳቸውን ጎልጉለው ጥላ ይሻማሉ። ጥቂት ቆይተው ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉ አንለይ ከእግር እስከ ራሱ ሽፍታ ብቻ ሆኗል።

«እልልል! እየወጣ ነው!» አሉ እማሆይ።

«እማሆይ፣ እኔኮ ነደድሁ!»

«ንደድ፣ ልጄ፣ ንደድ! ውስጥ ውስጡን ተቀምጦ የኖረ ምች ነው፤ አሁን መውጫ አጥቶ ነው የሚተራመስ። አንድ ቁርበት ልጨምርልህ።»

በማግሥቱም እንዲሁ፤ በባሰ ቁጥር እየዳነ ነው አሉና ቅጠሉንም እሳቱንም ጨመሩ። በሦስተኛው ቀን ግን አንለይ አልቻለም። ከነጋቢው ተስፈንጥሮ ወጣና በማሳው መሐል ቁልቁል ወደ ጉማራ ወንዝ በረረ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች «የት ነው እሳቱ?» ብለው ሳይጨርሱ ከነጋቢው ውኃው ውስጥ ገባ። እስከ አንገቱ ተነክሮ ሲቀመጥ ያ ሁሉ ማሳከክ በረደለት፤ ሽፍታው እያየው ከሰመ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ውኃን የወደደበት ጊዜ የለም።

እማሆይ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ደርሰው ከዳር ቆሙ። ንጹሕ ገላውን አዩ፣ ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«አያችሁ? ዳማከሴው ሠራ!» አሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ትዝ ብሎት አንለይ በማግሥቱ ወረታ ገባ። ከደብረ ታቦር የመጡና ወደ ጎንደር የሚያልፉ የጭነት መኪናዎች የሚያቦኑትን አቧራ ተሻግሮ ከጤና ጣቢያው ደጅ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ የሐኪም ረዳቱ፣ ድሬሰር ማናዬ፣ ፊቱ ሰው የሰለቸው ልቡ ግን ያልሰለቸው ጎልማሳ፣ ሸሚዙን ገልጦ አየው።

«የት አለ?»

«አሁን የለም፣ ጌታዬ።»

«መቼ ነው የሚኖረው?»

«ሲሞቀኝ።»

ማናዬ መስኮቱን አየ። ውጭ ፀሐዩ ግቢውን ያቃጥለዋል። «እንግዲያው ጋቢህን ደርበህ ውጣና ዝለል» አለው።

አንለይ የቀለደበት መስሎት ነበር፤ ሰውየው ግን የምሩን ነው። ወጣና ግቢው መሐል ይዘል ጀመር። ተሰልፎ የነበረው በሽተኛ ሁሉ ሕመሙን ረሳ። ጥርሷን ያመማት ባልቴት አገጯን ለቅቃ ታጨበጭባለች። አንድ የመኪና ረዳት ደግሞ «በለው! እስክስታ ጨምርበት!» ይላል። አንለይ እንደ ፍየል ዘለለ፣ አላበው፣ ከዚያም እንደ ልማዱ ችፍ አለ። ማናዬ ወጥቶ አንዷን ሽፍታ በጣቱ ተጭኖ አያት፤ የጠፋበትን ነገር ያገኘ ሰው መሰለ።

«ይኸ በሙቀት የሚነሣ ሽፍታ ነው። ሰውነትህ ሊያልበው ሲል ቆዳህ ጠላት መጣብኝ ብሎ ይቆጣል። ሩጫ ቢሆን፣ እሳት ዳር መቀመጥ ቢሆን፣ ሚጥሚጣ ቢሆን፣ ድንጋጤ ወይም ደስታ ቢሆን ለሱ ያው ነው፤ ሁሉም ያሞቀዋል።»

«ቁምጥና አይዶለም?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ወደ ሰውስ ይጋባል?»

«አይጋባም። ማን ነው እንዲህ ያስፈራራህ?»

አንለይ ነገረው፤ ምድጃውንም፣ ሁለቱን ጋቢም፣ ቁርበቱንም አልደበቀም። ማናዬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «አክስትህ ለሽፍታው ድግስ ነው የደገሱለት» አለ። ከዚያ ምክሩን ሰጠው። ቀትር ላይ ጥላ ፈልግ፤ ስስ ልብስ ልበስ፤ ሲነሣብህ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርግበት፤ ከሚጥሚጣና ከአረቄ ራቅ። በብጫቂ ወረቀትም ቢጫ ክኒን ጠቀለለለት።

«ማታ ማታ አንዳንድ ብቻ። ቀን እንዳትውጣት፣ እንቅልፍ ታመጣለች። ከንፈርህ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ ግን ሮጠህ... አይ፣ አንተስ አትሩጥ። በበቅሎ ና።»

ምክሩ ሠራ። ሽፍታው ሙሉ በሙሉ ባይለቀውም ሳሳ። እማሆይም ቢሆኑ «ውኃ ከዳማከሴ ቀጥሎ መድኃኒት ነው» እስከ ማለት ደረሱ፤ ይኸ ለእሳቸው ትልቅ ሽንፈት ነው። የሠርጉ ዋዜማ አንለይ ክኒኑን ውጦ ተኛ። ጎህ ሲቀድ ግን አያ ደሴ ኩራዝ ይዘው ታዩት። ድሬሰሩ ያለውን እያወቀ አንዲት ደገመ። እማሆይ ደግሞ በበኩላቸው አንድ ሙሉ ሸማ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ሳይጨምቁ፣ ከሸሚዙ ሥር ጠመጠሙበት። ካባው ከላይ ተደረበ።

መንገድ ላይ ሙሽራው በቅሎው ላይ እየተኛ ሚዜዎቹ በግራና በቀኝ ደግፈው አመጡት። ዳሱ ውስጥ ሲቀመጥ እልልታው፣ ከበሮው፣ ጭብጨባው ሁሉ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ይመስለዋል። ውኃው ደግሞ ከወንበሩ ሥር ጠብ ጠብ ይል ጀመር። መጀመሪያ ሴቶቹ አዩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ኩሬው እየሰፋ ወደ ሽማግሌዎቹ እግር ሄደ።

«ጠበል ነው! ጠበል ተረጭቶ ነው የመጣው» አለ አንደኛው ሚዜ ፈጥኖ።

«በየት በኩል ነውሳ የተረጨው?» አሉ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን እየሰበሰቡ።

አያ ደሴ ግን ለኩሬው ደንታ አልሰጡም። መጡ፤ አንገትጌውን ገለጡ፣ እጅጌውን ሰበሰቡ፣ ክንዱን ገልብጠው አዩ፤ ጥርሱንም ሊያዩ ትንሽ ነው የቀራቸው። አንዲት ሽፍታ የለም። ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ ቆዳ።

«እሰይ» አሉ። «ልጅቱን አምጧት!»

ጽጌሬዳ ዓይነ ርግቧን አጥልቃ፣ በሴቶች ተከባ መጣች። እንደ ወጉ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ ከዓይነ ርግቡ ሥር ግን ዐይኗ ሙሽራው አንገት ላይ ነበር። አየች፣ ደግማ አየች። አንገቱ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። እሱ ራሱ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል።

ሚዜዎቹ ሊያነሷት ሲመጡ «አልሄድም» አለች።

«እሰይ ጨዋ!» አሉ ሴቶቹ። ሙሽራ አልሄድም ማለቷ ወግ ነውና የዘፈኑ አዝማች ተነሣ፣ ከበሮው ደመቀ።

«አልሄድም አልሁ!»

«ይሉኝታዋ! ወይ የሰው ልጅ አስተዳደግ!» ብለው ባልቴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ልጅቱ በጮኸች ቁጥር ሙገሳው ይጨምራል። ቃሏ ቃል መሆኑን የሚሰማላት ሰው ጠፋ።

አንለይን ሚዜው ጎሸመው። «ሂድና አባብላት፣ ወጉ ነው።» እየተንገዳገደ ሄዶ አጎነበሰላት።

«አንገትህ ምን ሆነ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ምንም አልሆነም።»

«እሱን ነውኮ የምልህ! ምንም አልሆነም!» ዐይኗን ከአንገቱ አልነቀለችም። «ሰሌዳው ዘንድ ስመጣ እንዲያ ትሆን ነበር፤ ለሌላ ሰው ሆነህ አታውቅም። ይወደኛል ብዬ ልቤን የጣልሁብህ በሱ ነው። ዛሬ በሠርጌ ቀን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘህ ትተኛለህ። ለማን ብዬ ልሂድ?»

አንለይ ከዚያ ሁሉ እንቅልፍ ባንዴ ነቃ። ቀና ሲል አያ ደሴ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ያዩታል።

«አባትሽ አንዲት ሽፍታ ካዩብኝ አይሰጡኝም» አለ።

«እኔም አንዲት ካላየሁ አልሄድም።»

እንግዲህ ፍረዱ። አባት እንዳይወጣበት፣ ልጅ እንዲወጣበት፣ ባንድ አንገት ላይ! አንለይ እውነቱን ተናገረ። ምድጃውን፣ ቁርበቱን፣ ጉማራን፣ ወረታ ላይ በሰው ፊት እንደ ፍየል መዝለሉን፣ ጎህ ሲቀድ የዋጣትን ክኒን፣ ካባው ሥር ያለውን እርጥብ ሸማ ነገራት። «ይኸ ሁሉ አንችን እንዳላጣ ነበር» አላት። «አሁንም ላጣሽ ነው መሰል።»

ጽጌሬዳ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ወግም ይሉኝታም ሳትል በሁለት እጇ ዓይነ ርግቧን ወደ ላይ ገለጠችው። እያለቀሰች ትስቃለች። አንለይ ያን ፊት አየ፤ ክኒኑም እርጥቡ ሸማም ምንም አልፈየዱለትም። ከጆሮው ሥር አንዲት ጉብ አለች፣ ቀጥላ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ አንገቱ በሙሉ።

ከበሮው ቆመ። አያ ደሴ ቀረብ ብለው አዩ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«በቅሎውን አዙሩለት» አሉ።

አንለይ እንደዚያች ቅጽበት የከፋ ነገር ደርሶበት አያውቅም፤ የሚያሳክከው እንኳ ጠፋው። ያን ጊዜ ጽጌሬዳ፣ በሰው ጀርባ ታዝላ መውጣት የነበረባት ሙሽራ፣ በገዛ እግሯ ተነሥታ ቆመች።

«አባዬ፣ ይኸ በሽታ አይዶለም። እኔ ነኝ።»

«እንዴት አንች ነሽ?»

«እኔን ሲያይ ነው የሚወጣበት። አያምኑኝም እንዴ? ላም ሲገዙ ደጋግመው አይደል የሚያዩ? ይኸው ይዩት።» ዓይነ ርግቡን መልሳ ጣለች፣ ጀርባዋንም ለሙሽራው ሰጥታ ተቀመጠች።

አያ ደሴ ላም ስትወልድ የሚጠብቁ ሰው ናቸው፤ መጠበቅ ይችሉበታል። በርጩማ አስመጥተው ከአንለይ አንገት ፊት ለፊት ቁጭ አሉ። እማሆይ በማንቆርቆሪያ ውኃ እያፈሰሱ በነጠላቸው ያራግባሉ። ሠርገኛው በላ፣ ጠጣ፣ እየተነሣ መጥቶም አንገቱን አይቶ ይመለሳል። «ከሰመች! ያችኛዋ ከሰመች!» ይባላል። ቀስ በቀስ ቀላ ያለው ሁሉ ጠፋ፣ አንገቱ ጠራ።

«ግለጪ!» አሉ አያ ደሴ።

ገለጠች። ሠርገኛው ተንጠራራ። እንደ ፊተኛው ባይበዛም፣ ከጆሮው ሥር አንዲት፣ ከዚያ ጥቂት ሌሎች ብቅ አሉ። «ወጣ! ወጣ!» ብሎ ሕዝቡ በእልልታ አበደ። ሽፍታ በእልልታ ሲቀበሉ ከዚያ በፊት የታየው እማሆይ ቤት ብቻ ነው።

አያ ደሴ ግን አልሳቁም። የጋቢያቸውን ጫፍ ዐይናቸው ላይ አደረጉ።

«እናትሽን ያገባሁ ዕለት» አሉ፣ «ዓይነ ርግቧን ስትገልጥ ተንቀጥቅጬ ከወንበር ወደቅሁ። ንዳድ ያዘው ብለው ግራዋ ጨምቀው አጠጡኝ። ይመራል፣ ግራዋ። ጠጣሁት እንጅ ንዳድ አልነበረም።» መሬት መሬት አዩ። «አፍሬ ለሷም ሳልነግራት ሞተች።»

እማሆይ ለጎረቤታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱም ምች ነበር» አሉ።

አያ ደሴ ተነሡ፣ የልጃቸውን እጅ ይዘው ሽፍታ በወረሰው የአንለይ እጅ ላይ አኖሩት። «ውሰዳት» አሉ። «ቀን ቀን ክኒን አትዋጥባት።»

ወደ ቁሐር ሲመለሱ ፀሐይ በረድ ብሎ ነበር። ሁለቱ በቅሎዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንለይ በአንድ እጁ ልጓሙን ይዞ በአንዱ አንገቱን ያክካል። ጽጌሬዳ ዓይነ ርግቧን ትንሽ ገለጥ አደረገች።

«ያሳክክሃል?» አለችው።

«በጣም ያሳክከኛል።»

«እሰይ» አለች።